በምን ልትቀመጥ ነው?

ፉሲን ሰው ሁሉ ሲያከብራት እኔ ጥርሴን ነክሼ ነው የኖርኩት። ፊት ለፊቷ «እትዬ ፉሲ፣ እርስዎ» እላታለሁ፤ ጓዳዬ ስገባ ግን ስሟ «ያቺ ሴትዮ» ነበር። አሁን ሞታለች። ስለ ሙት ክፉ አይወራም ይላሉ፤ ደጉን ብቻ ለቅሜ ባወራ ግን እሷው ራሷ ከመቃብር ተነስታ «አንቺ ናይቴ፣ ከመቼ ወዲህ ነው ምላስሽ የለሰለሰው?» ትለኛለች። ስለዚህ እንደነበረች ነው የማወራት።

የባሌ የሃሎቲ ታላቅ እህት ናት። የአባት እህት ደግሞ ለልጆቻችን ከእናትም ከአባትም በላይ ናት። አምጬ የወለድኩ እኔ፤ ስም የምታወጣ፣ ከድግስ ላይ ትልቁን አሳማና ምርጡን ሰሌን አንስታ የምትሄድ፣ «ይሁን» ወይም «አይሁን» የምትል እሷ። ያዘነችበት የወንድሟ ልጅ አይቀናውም፤ የረገመችው ደግሞ አይድንም ይባላል። ሃሎቲ ማዕበል ሲነሳ ጀልባውን እየሳቀ የሚገፋ ሰው ነው፤ እህቱ ያለችበት ክፍል ግን አይገባም ነበር። ወንድምና እህት ካደጉ በኋላ ደንባቸው እንደዚያ ነው። እሱ «ንገሪያት» ይለኛል፤ እሷ «ንገሪው» ትለኛለች። በመሀል እኔ የስልክ ሽቦ ሆኜ ቀረሁ!

የፉሲን ባል በወጣትነቱ ባሕር በላው፤ ልጅ አልወለደችም። ሥራዋ ታፓ መቀጥቀጥ ነበር። ጎህ ሲቀድ ከግንዷ ፊት መሬት ላይ እግሯን አጣጥፋ ትቀመጣለች፤ የራሰውን የዛፍ ልጥ ግንዱ ላይ ትዘረጋና እንደ ጨርቅ ሳስቶ እስኪሰፋ በእንጨት መዶሻ ትወቅጠዋለች። ቶክ፣ ቶክ፣ ቶክ። በእሷና በእኔ ቤት መካከል አንድ የዳቦ ፍሬ ዛፍ ብቻ ስለነበር ያ ድምፅ ከጆሮዬ ወጥቶ አያውቅም። ሊማሩ የሚመጡት ልጃገረዶች ወገባቸውን ካጎበጡ በመዶሻው እጀታ ጀርባቸውን ትወጋቸዋለች። «ቀጥ በይ! ሴት ልጅ በአቀማመጧ ነው የምትለየው። የታጠፈ ወገብ ምን ይሠራል?» ትላለች። ከሥራ ውጭ የምትመካበት ነገር ፀጉሯ ብቻ ነበር፤ ቅዳሜ ቅዳሜ በኮኮናት ዘይት አሽታ በረንዳዋ ላይ ስታበጥረው ወገቧን ያልፍ ነበር።

ከሁለት ወንዶች በኋላ ሎሳን ስወልድ አዋላጇ እልል ማለት ጀምራ መሀል ላይ አፏን ዘጋች። ልጄ መቀመጫዋ ላይ ማንጎ የሚያህል እብጠት ይዛ ነው የወጣችው። ጀልባ ይዘን ከደሴታችን ወደ ዋና ከተማው ኑኩአሎፋ ሄድን፤ ፉሲም አብራን። ዶክተር ካሌሲታ የምትባል ቀዶ ሐኪም፣ የእኛው አገር ልጅ፣ አገላብጣ አየቻትና አስቀመጠችን።

«ስሙ ቴራቶማ ነው» አለች። «ልጅቷ ማህፀን ውስጥ ስትሠራ ቦታቸውን የሳቱ ዘሮች ናቸው ያበቀሉት። ስንከፍተው ፀጉር ልናገኝበት እንችላለን፤ ጥርስም፣ ቆዳም። አትደንግጡ።»

አትደንግጡ! ጥርስ ያለው እብጠት ልጄ ላይ ተለጥፎ አትደንግጡ።

«ካንሰር ነው?» አልኳት።

«አሁን አይመስለኝም። ግን ሥሩ ያለው ጭራ አጥንቷ ላይ ነው። እጢውን ከነአጥንቱ ጫፍ ካላወጣነው ተመልሶ ሊመጣ ይችላል። ሲመለስ ደግሞ እንደ ሄደው ሆኖ ላይመለስ ይችላል፤ ካንሰር ሆኖ ሊመጣ ይችላል። የምፈራው እሱን ነው።»

ፉሲ ወደ ፊት ዘንበል አለች። «አጥንቱን ነው ያልሽው?» አለች።

«አዎ እትዬ፣ ትንሿን ጫፍ።»

«በምን ልትቀመጥ ነው?»

ዶክተሯ ሳቅ አመለጣት። ባትስቅ ይሻል ነበር። «ልጆች ያለሱም ይቀመጣሉ እኮ፣ እትዬ። ሲያድጉ ትዝም አይላቸው።»

«አንቺ ወንበር ላይ ስለምትውይ ነው የሚያስቅሽ» አለች ፉሲ። «የእኛ ልጅ መሬት ላይ ነው የምትውለው። ከግንድ ፊት ያልተቀመጠች፣ ሰሌን ያልሠራች፣ ለቅሶ ቤት ቁጭ ብላ ያልዋለች ሴት ምን ሴት ናት? ሥጋውን ውሰጂ። አጥንቱ የአባቶቿ ነው፤ አይነካም።»

ዶክተር ካሌሲታ ወደ እኔ ዞረች። «እናትየዋ አንቺ ነሽ። አንቺስ ምን ትያለሽ?»

ሃሎቲን በመስኮት ፈለግኩት። እህቱ ውስጥ ስለነበረች ውጭ ቆሟል፤ ሳየው ፊቱን ወደ ባሕሩ አዞረ። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይላሉ፤ በእኔ ዝምታ የገባውን እኔ ነኝ የማውቀው። ዶክተሯ ለመነች፣ ተቆጣች፣ ሥዕል ሥላ አሳየች። ፉሲ ሕፃኗን ጠቅልላ «እንግዲያው አገራችን እንገባለን» ስትል ነው ዶክተሯ የተሸነፈችው። ልጅቷ እንዳለች ተይዛ ከምትሄድ እጢው ብቻውን ይውጣ አለች። ስትለየን እጄን ጥብቅ አድርጋ ያዘችኝ። «በየሦስት ወሩ ደሟን እፈልጋለሁ። ያ ነገር ሲነቃ ደሟ ውስጥ ከፍ የምትል ቁጥር አለች። አሁን ጨቅላ ስለሆነች ከፍ ያለች ናት፤ እየወረደች መሄድ አለባት። ከወጣች በዚያው ቀን እንድሰማ።»

የወጣው እጢ ደህና ነው ተባለ፤ ፀጉርም ነበረበት። ከዚያ በኋላ የእኔ ኑሮ ኑሮ ነበር? ልጄን ሳጥብ ከሳሙናው በፊት ጣቴ ነበር የሚቀድመው፤ ያቺን ጠባሳ ዙሪያዋን ስዳብስ፣ ስዳብስ። ትንኝ የነከሳትን ቦታ ሳይ ልቤ ቀጥ ትላለች። ነርሷ ደም ወስዳ በጀልባ ከላከች በኋላ ስልኩ እስኪደወል እህል በአፌ አይዞርም።

«ኧረ ተይ አንቺ ሴት፣ ልጅቷን በመዳበስ ልትጨርሻት ነው!» ይለኛል ሃሎቲ።

ፉሲ ደግሞ በዛፉ ማዶ ሆና «ደህናዋን ልጅ በመርፌ ማስወጋት! እንኳንም አጥንቷን አላስነካሁ!» ትላለች። መዶሻውን ነጥቄ ምን እንደማደርግበት እኔ ነኝ የማውቅ።

ቁጥሯ ግን ወረደች፤ ወርዳም እዚያው ቆየች። ሎሳ ዳኸች፣ ቆመች፣ ሄደች። እንደሄደችም የሄደችው ወደ ማን መሰላችሁ? ወደ ያቺ ሴትዮ! ፉሲ ትንሽ መዶሻ አስጠርባላት አጠገቧ አስቀመጠቻት። ቶክ፣ ቶክ ሲል ከሥሩ ሌላ ቀጭን ቲክ፣ ቲክ ይሰማ ጀመር። «ቀጥ በይ የኔ እናት፤ እንዲያ!» ትላታለች። እናቷ እኔ ሆኜ የምታለቅሰው «ፉሲ! ፉሲ!» እያለች ነበር። ቀናሁ፤ ምን ይደረጋል።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። ሎሳ ሁለት ዓመት አልፏት፣ ዝናብ በበዛበት ወራት፣ ፉሲ በሌላ ደሴት ለዘመድ ሠርግ ታፓ ልታዘጋጅ ሄዳ ነበር። ልጄ ቆማ መብላት ጀመረች። «ቁጭ በይ» ስላት በአንድ ጎኗ ጋደም ትላለች። ሆዷ ደረቀ፤ ልትጸዳዳ ስትል ትጮሃለች። ጠባሳዋን ዳበስኩ፤ ከላይ ምንም የለም። ጣቴ የሚደርሰው ከላይ ብቻ ነው።

የደሙን ውጤት ዶክተር ካሌሲታ ራሷ ነበረች የደወለችው። እሷ ራሷ ስትደውል ገባኝ፤ የተቀረውን የሰማሁት ተቀምጬ ነው።

«ናይቴ፣ ቁጥሯ ወጥታለች። በጣም ወጥታለች። ዛሬ ነገ ሳትዪ ይዘሻት ነይ።»

ሄድን። ምርመራው አሳየ፤ ከአጥንቱ በስተውስጥ፣ ከውጭ በማይታይበት በኩል በቅሏል። በመርፌ ትንሽ ቀንሰው መረመሩት። «ያኛው ደግ ነበር» አለች ዶክተሯ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፤ «ይሄኛው በቀረው ሥር ላይ የበቀለ ነው። ካንሰር ነው። በመድኃኒት እናሳንሰውና ከነአጥንቱ እናወጣዋለን። ይሄ ዓይነቱ መድኃኒቱን ይሰማል፤ ብዙ ልጆች ይድናሉ። ግን ጊዜ የለንም። የሚቀጥለው ሳምንት አውሮፕላን ባሕር ማዶ ወዳለችው ኦክላንድ ይወስዳችኋል። በዚህ ጊዜ ግን አጥንቱ ይወጣል፤ አጥንቱን ትተን እጢውን ብቻ የሚለው ነገር የለም።»

ልብሳችንን ልንይዝ አገር ቤት ስንመለስ ሃሎቲ ጀልባው ላይ አንገቱን ደፋ። «ፉሲ ሳትመርቃት አልፈርምም» አለ።

«ምን አልክ?»

«እህቴ አዝናባት ቢላዋ ሥር ብትገባ በሕይወት አትወጣም። ታውቂዋለሽ።»

«ባሌ ነህ ወይስ የእህትህ ጥላ?» ብዬ ጮህኩበት። ጀልባው ላይ ያለው ሰው ሁሉ ዞረ። የሃሎቲ እንባ ወረደ። እውነቱን ልናገርና፣ እኔም ፈርቼ ነበር። ባላምንበት ኖሮ እሱን ትቼ ራሴ እፈርም አልነበር? ልጄን ሐኪሙ አድኖ እርግማኑ ቢወስድብኝስ?

ፉሲ ከሠርጉ ተመልሳለች። በማግስቱ ጠዋት ለለቅሶ የሚታጠቁትን የተቀዳደደ ሰሌን ወገቤ ላይ ታጠቅኩ፤ ኢፊ የሚሉትን ዛፍ ቅጠል ጎንጉኜ አንገቴ ላይ አደረግኩ። ይሄን ያደረገ ሰው ራሱን እንደ ሙት አድርጎ ምሕረት የሚለምን ነው፤ ቅጠሉን ከአንገቱ የሚያወልቅለት የተለመነው ሰው ብቻ ነው። ከደጇ ፊት ፀሐይ ላይ መሬት ቁጭ ብዬ አንገቴን ደፋሁ።

«እትዬ ፉሲ» አልኩ፣ «ያኛው ነገር ተመልሶ መጣ። ካንሰር ነው አሉ። ልጅቷን ይመርቁልኝ፤ አጥንቱን ይልቀቁልኝ።»

መዶሻው ትንሽ ቆመ፤ ቀና ብላ ያየችኝም መሰለኝ። ከዚያ ቀጠለ። ቶክ፣ ቶክ፣ ቶክ።

«ሐኪም መቁረጥ ነው ሥራው» አለች ለልጡ የምትነግር ይመስል። «ዛሬ ጫፉን፣ ነገ እግሯን። ፊቴ ስትሮጥ ያየኋት ልጅ ናት።»

ፀሐይዋ አናቴ ላይ ወጣች። ሰው መንገድ ላይ እየቆመ ያየኛል። አንዷ ጎረቤት «ናይቴ፣ ምን ሰርቀሽ ነው?» ብላ አሾፈች፤ ሌሎቹ «እረፊ!» አሏት። እኔ ቀና አላልኩም። ያ መዶሻ በወረደ ቁጥር «አይሆንም፣ አይሆንም» የሚለኝ ነበር የሚመስለኝ። ሃሎቲ ከዳቦው ዛፍ ሥር ሎሳን አቅፎ ቆሟል፤ ወደዚያ መቅረብ አይችልም።

ልጅ ደንብ አያውቅ። ሎሳ ከእጁ አምልጣ፣ በእኔ አጠገብ እየሮጠች አልፋ፣ «ፉሲ!» እያለች ቤቷ ገባች። ፉሲ ከሠርጉ ከተመለሰች ገና አላገኘቻትም ነበር። ትንሿን መዶሻዋን ከጥግ አነሳች። እንደልማዷ ከግንዱ ፊት ልትቀመጥ ዝቅ አለች። ብድግ አለች። እንደገና ሞከረች፤ በቀኝ ጎኗ፣ ከዚያ በግራ። ከንፈሯ ተንቀጠቀጠ እንጂ መዶሻውን አልለቀቀችም። በመጨረሻ መሬቱ ላይ በሆዷ ተኛች፤ እጇን ዘርግታ፣ አገጯን አፈር አስነክታ፣ ግንዱን ቲክ፣ ቲክ ታደርገው ጀመር።

የፉሲ መዶሻ አየር ላይ ቀረ።

«ተቀመጪ እንጂ የኔ እናት። እንዴት ነው እንዲህ የሚቀጠቀጠው?»

«እምቢ። ያመኛል።»

«የቱ ጋ?»

ሎሳ እጇን ወደ ኋላ ወሰደች። ፉሲ መዶሻውን ጣለችና ያን የደደረ መዳፏን እዚያው ቦታ ላይ አኖረች። ለረጅም ጊዜ አላነሳችውም።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለችኝ።

«እርስዎ ከሄዱ ጀምሮ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

ያን ጊዜ አበድኩ። ቅጠሉን እንዳጠለቅኩ ቀና አልኩ፤ ዓይን ዓይኗን ነው ያየኋት። «ነገርኩዎ እኮ! ዛሬ ከጠዋት ጀምሮ እየነገርኩዎ ነው! ዶክተሯም ያኔ ነግራዎታለች! እንድትቀመጥበት ብለው ያስቀሩት አጥንት ነው መቀመጥ የከለከላት!»

ከኋላዬ የሴቶቹን «ውይ!» ሰማሁ። በባሏ ታላቅ እህት ላይ የጮኸች ሴት በዚያ መንደር ታይታ አትታወቅም። አሁን ትረግመናለች፣ አለቀልን ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። ኮቴዋን ሰማሁ። እጇ አንገቴ ላይ አረፈ። ቅጠሉን አወለቀችልኝ።

ዓይኔን ስገልጥ ቅጠሉ የእሷ አንገት ላይ ነበር። እኔ ፊት፣ ትቢያው ላይ፣ ተንበርክካለች።

«ያውጡት» አለች። «የኔንም ከፈለጉ ያውጡት። ልጄን አድኑልኝ።» ከዚያ ወደ ዛፉ ዞራ፣ በዕድሜዋ ሙሉ በእኔ አፍ ስትልክበት የኖረችውን ወንድሟን በራሷ ድምፅ ጮኻ ጠራችው። «ሃሎቲ! ምን ይገትርሃል? ሂድና ፈርም!»

ወደ ውጭ አገር ወጥታ የማታውቀው ፉሲ ኦክላንድ ካልሄድኩ ብላ አብራን ሄደች። ዘመድ ቤት አደርን። መድኃኒቱ ልጄን አስመለሳት፣ አከሳት፤ ፀጉሯ ትራሷ ላይ መርገፍ ጀመረ። እኔ ማየት አልቻልኩም፤ ኮሪደር ወጥቼ አለቅሳለሁ። ፉሲ ግን በየማለዳው ከትራሱ ላይ አንዷንም ሳታስቀር ለቅማ መሐረብ ውስጥ ትቋጥር ነበር። ነርሷ ልትጥለው ስትል «ንኪውና!» አለቻት በራሳችን ቋንቋ። ነርሷም ባይገባት ገባት።

የቀዶ ጥገናው ቀን መጠበቂያው ክፍል በወንበር የተሞላ ነበር። ሃሎቲ በር ላይ፣ እኔ ጥግ ላይ። ፉሲ ቆመች።

«እትዬ፣ ይቀመጡ እንጂ። ረጅም ነው አሉ።»

«እሷ በምን እንደምትቀመጥ ሳላውቅ እኔ አልቀመጥም።»

እግሯ እስኪያብጥ ቆመች። ሐኪሙ ወጥቶ «ሁሉም ወጥቷል፤ አጥንቱም አብሮ» ሲል ፉሲ አሁንም ቆማለች። ከሳምንታት በኋላ፣ ቁጥሯም እየወረደች ሳለ፣ ሎሳ ከአልጋዋ ወርዳ ወለሉ ላይ እግሯን አጣጥፋ ቁጭ አለችና «ርቦኛል» አለች። ፉሲ አጠገቧ ወለሉ ላይ ዘጭ አለች። «ቀጥ በይ» አለቻት።

ከዚያ ወዲህ ወደድኳት? እንጃ። ትልቁን አሳማ መውሰዷን አልተወችም። በጎበጠው ወገቤም መቀለዷን አልተወችም። ደም ተልኮ ስልክ የምንጠብቅ ጊዜ ግን መዶሻዋን አስቀምጣ እኔ ቤት ትመጣና አብረን እንቀመጣለን። ስልኩ ደህና ካለ ተነስታ ትሄዳለች፤ ወዲያው ቶክ፣ ቶክ ይጀምራል። ያን ድምፅ እንደዚያ እናፍቀዋለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም።

ባለፈው ዓመት የስኳር በሽታ ጣላትና ሞተች። ሎሳ አሥራ አራት ዓመት ሆኗት ነበር፤ ፀጉሯ እንደ ፉሲ ወገቧን አልፏል። የአባት እህት ስትሞት የወንድሟ ልጆች ፀጉራቸውን ይቆረጣሉ፤ ለቅሶው ያ ነው፤ የሚቀርበት የለም። የወንዶቹ ልጆቼ ራስ ተላጨ። የፉሲ የአጎት ልጅ መቀሱን ይዛ ወደ ሎሳ መጣች፤ ሎሳም ሳታንገራግር ጀርባዋን ሰጠቻት።

«ቆይ!» አልኩ።

ያ ሁሉ ለቀስተኛ አፈጠጠብኝ። ከጉያዬ መሐረቡን አወጣሁ። ፉሲ ከመሞቷ በፊት ነበር የሰጠችኝ፤ ቋጠሮው አልተፈታም። የነገረችኝን ቃል በቃል ለሁሉም ነገርኳቸው። «ሎሳ የኔን ለቅሶ በሁለት ዓመቷ አልቅሳልኛለች። ያኔ የረገፈው ፀጉር የኔ ነው፤ ይኸው፤ ከኔ ጋር ቅበሩት። ያሁኑን ማንም እንዳይነካው።»

የአጎቷ ልጅ «እንዲህ ያለ ነገር ታይቶም አይታወቅ» አለች። ከኋላም አጉረመረሙ። ያጉረምርሙ! ቃሉ የፉሲ ነው፤ የፉሲን ቃል ማን ይሽራል? መቀሱ ወደ ቦታው ተመለሰ። መሐረቡን ፈትቼ አየሁት፤ እንደ ጫጩት ላባ የለሰለሰ የሕፃን ፀጉር ነው። መልሼ ቋጠርኩትና በዚያ በደደረ መዳፏ ሥር አኖርኩላት።

ሎሳ ፀጉሯን እንደለቀቀች ከሬሳው ግርጌ፣ ለወንድም ልጆች በሚሆነው ቦታ፣ ሰሌኑ ላይ እግሯን አጣጥፋ ተቀመጠች። ሬሳው ለቀብር እስኪወጣ ድረስ ወገቧን ሳታጎብጥ፣ አንድ ጊዜም ሳትነሳ፣ እዚያው ዋለች።